የእስስት ስም በቅሬው ፊት

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ደሴ፣ ከሼህ ዘይኑልአቢዲን ደጅ ካለው ወይራ ሥር የቀብር ማኅበራችን ቅሬ ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ ሼህ ዘይኑልአቢዲን (የቅሬው ዳኛ)፣ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል፣ አቶ እንድሪስ፣ ከሳሽ አቶ ሞላልኝ፣ ተከሳሽ ወይዘሮ ሐዋ፣ ጸሐፊ ደምመላሽ። አቶ እንድሪስ ተኝተው ስለነበር ለምልዓተ ጉባኤ ተቆጠሩ፤ ለድምፅ አልተቆጠሩም።

፩ኛ/ ስለ ክሱ። አቶ ሞላልኝ፣ ወይዘሮ ሐዋ በገበያ መሐል «አንተ እስስት» እንዳሏቸው ገልጸው፣ ተከሳሿ ከቅሬው እንዲወጡ ጠየቁ። ወይዘሮ ሐዋ እናታቸው አልጋ ላይ መሆናቸውን አስታውሰው፣ «ከቅሬ ከወጣሁ እናቴን ማን ይቀብርልኛል? ያልኩትን ግን ብያለሁ» አሉ። ስድብ መሆኑ እንዲታወቅ በመጀመሪያ የስሙ ምንጭና ትርጉም ይጣራ ተባለ።

፪ኛ/ ስለ ስሙ ምንጭ። ስሙን ያወጣላት አዳም መሆኑን ሁለቱም ሃይማኖቶች ያለ ክርክር ተቀበሉ። አዳም በምን ቋንቋ ተናገረ በሚለው ግን ስብሰባው ታወከ። መሪጌታ በግዕዝ ነው አሉ፤ ማስረጃ ቢጠየቁ መጽሐፉ ቦሩ ሜዳ እንደቀረ አስረዱ። ሼሁ፣ ወላሂ በዐረቢኛ ነው አሉ። በዚህ ጊዜ አቶ እንድሪስ ነቅተው፣ «አዳም ወሎዬ ከሆነ በሁለቱም ይናገራል» ብለው ተመልሰው ተኙ። ከረጅም ውይይት በኋላ አዳም ወሎዬ እንዲሆን ተወሰነ።

፫ኛ/ ስለ ትርጉሙ። መሪጌታ ራሷ እስስቷ ትምጣ አሉ፤ ከአጥሩ ላይ በእንጨት ተይዛ መጣች። በከሳሹ ነጭ ጋቢ ላይ ብትቀመጥ አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች። ሼሁ፣ መልኳን ካልለወጠች ስድብ የለም አሉ። አቶ ሞላልኝ፣ ሰው በዝቶባት አፍራ ነው በማለት ተቃወሙ። ተቃውሞው ተቀባይነት አግኝቶ፣ እስስት ማለት «እንደ ቦታው መልኩን የሚለውጥ» እንዲሆን፣ ወይዘሮ ሐዋም ከቅሬው እንዲወጡ ተወሰነ። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ ከፍቶታል፤ ግን ጸሐፊ ድምፅ የለውም።

፬ኛ/ የተከሳሽ የመጨረሻ ቃል። ወይዘሮ ሐዋ፣ «ስሙን አዳም ባወጣ እኔ ልባረር? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ። ቀጥለውም አቶ ሞላልኝ ጠዋት ለጣሊያኑ ሹም እጃቸውን ዘርግተው ሰላምታ ሲሰጡ፣ ማታ ደግሞ ለአርበኞች በሶ በአህያ ሲልኩ በዓይናቸው ማየታቸውን ተናገሩ። ከአህያዋ ኋላ የመሪጌታ አህያ፣ ከዚያ ኋላ የሼሁ በቅሎ ትከተል እንደነበርም ጨመሩ። ጸሐፊው ይህ ይጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውም ራሱ እንዳይጻፍ ታዘዘ።

፭ኛ/ ውሳኔ። ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የአዳም ወሎዬነት ጭምር፣ ተሽሯል። ወይዘሮ ሐዋ በቅሬው ይቆያሉ፤ እናታቸውን አላህ ያቆያቸውና፣ ቀናቸው የደረሰ ዕለት የቃሬዛውን ፊት አቶ ሞላልኝ ይይዛሉ። የዛሬው ስብሰባ ስለ መንገድ ጠረጋ የተደረገ ነው፤ ስለዚህ በቃለ ጉባኤው «እስስት» የሚለው ሁሉ «መንገድ» ተብሎ እንዲታረም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ እንድሪስም ለዚህ ድምፅ ተቀስቅሰዋል።

ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ሲበተን፣ ወይዘሮ ሐዋ «ለካ ቅሬያችን ሁሉ እስስት ነው» ብለው ሲስቁ ተሰምተዋል። ስለ መንገድ የተናገሩ በመሆኑ አልተከሰሱም።