ሱሪዬ ሰፋ

[ሰፊዋ መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ቁርጥራጭ ጥቁር ክሮችን ጫፍ ለጫፍ እየቋጠረች ነው። አንድ እግሯ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል፤ ጉልበቷ በጎመን ቅጠል ተጠቅልሏል። ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ምንጣፉ መሀል ቆሞ ጉልበቱን ወደ ሆዱ እያነሳ ባለበት ይረግጣል። ካልሲው ጎበጥ ጎበጥ ብሏል።]

ወንድም ጋሼ፦ ሱቅ መሄድ ስፖርት አይደለም አልኩሽ!

ሰፊዋ፦ በምንድን ነው ታዲያ የሚኬደው፣ ወንድም ጋሼ? በእግር አይደል?

ወንድም ጋሼ፦ በእግርማ ነው። ግን ሱቅ ስትሄጂ ሐሳብሽ ዕቃው ላይ ነው። ስፖርት ማለት ሐሳብሽ ጉልበትሽ ላይ ሲሆን ነው። በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

ሰፊዋ፦ እንግዲያው ሐሳብህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ አንዲት ጥቁር ክር ይዘህልኝ ና። ከበሩ ማዶ እኮ ነው። እኔ እንዳልሄድ ጉልበቴ አብጦብኛል።

ወንድም ጋሼ፦ ጎመኑ ይስብልሻል፣ ታገሺ። ላቤ ሊመጣ ሲል አታቋርጪኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ሰው ስወስድ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ቆሜ ልሂድበት።

ሰፊዋ፦ አልሄድክማ። እዚያው ነህ።

ወንድም ጋሼ፦ ደሜ ሄዷል!

ሰፊዋ፦ ካልሲህ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?

ወንድም ጋሼ፦ ሽንኩርት። በውስጥ እግር ገብቶ ደም ያጠራል።

ሰፊዋ፦ ወይ ጉዴ! ለምሳ የላጥኩትን ነው ጠዋት ሙሉ ስፈልግ የዋልኩት?

ወንድም ጋሼ፦ ምሳ ይደርሳል። ማሩን አቀብይኝ።

ሰፊዋ፦ አሁን ቁርስ በላህ እኮ።

ወንድም ጋሼ፦ ያ ምግብ ነው፤ ይሄ መድኃኒት ነው። ማር ተፈጥሮ ነው። ተፈጥሮ ደግሞ አያወፍርም።

ሰፊዋ፦ ዝሆንም ተፈጥሮ ነው።

ወንድም ጋሼ፦ ዝሆን ማር አይበላም።

ሰፊዋ፦ ይሁን። ለውዙስ?

ወንድም ጋሼ፦ ለልብ።

ሰፊዋ፦ አቮካዶውስ?

ወንድም ጋሼ፦ ለቆዳ።

ሰፊዋ፦ ሙዙስ?

ወንድም ጋሼ፦ ሙዙ... ካልተበላ ይጠቁራላ!

ሰፊዋ፦ እሺ፣ እንዳልክ። ዛሬ ግን የጤና ጣቢያ ቀጠሮህ ነው። ነርሷ የደም ግፊትህን ልትለካው እየጠበቀችህ ነው።

ወንድም ጋሼ፦ አልሄድም። ድኛለሁ።

ሰፊዋ፦ ማን አለ?

ወንድም ጋሼ፦ [ወገቡን በሁለት እጁ መታ መታ እያደረገ] ሱሪዬ! ሱሪዬ ሰፋ!

ሰፊዋ፦ [ደንግጣ መነጽሯን ከፍ ታደርጋለች] ማን ነገረህ?

ወንድም ጋሼ፦ ማን ይነግረኛል? ወገቤ ነዋ! ድሮ ስቆልፈው ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ ዛሬ እየዘፈንኩ ቆለፍኩት።

ሰፊዋ፦ እኔ እኮ ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ወንድም ጋሼ፦ አንቺም አይተሽዋል ማለት ነው!

ሰፊዋ፦ ሳላይ እንዴት ይሰፋል?

ወንድም ጋሼ፦ ሳታዪም ይሰፋል። የጤና ሥራ እንዲህ ነው፤ ቀስ እያለ፣ ማንም ልብ ሳይለው ይሰፋል።

ሰፊዋ፦ ቀስ ብዬማ ነው። ጥቁር በጥቁር ላይ፣ በዚህ ዓይኔ... አንገቴ እስካሁን አልቀናም።

ወንድም ጋሼ፦ ያንቺን አንገት ከዚህ ምን አገናኘው? የሰፋው በኔ ላብ ነው።

ሰፊዋ፦ በአንተ ላብ? ክሩ እንኳ የኔ ነው።

ወንድም ጋሼ፦ አሁንም ክር! ሰው ስለ ጤና ሲያወራሽ አንቺ ክር ክር ትያለሽ።

ሰፊዋ፦ ብቻ በመስፋቱ ደስ ብሎሃል?

ወንድም ጋሼ፦ ደስታ ብቻ! ገና ምኑ ተነካና! ከዚህም የበለጠ ይሰፋል።

ሰፊዋ፦ ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ጨርቅ ከየት አመጣለሁ?

ወንድም ጋሼ፦ ጨርቅ ምን ያደርግልሻል?

ሰፊዋ፦ ለመስፋት።

ወንድም ጋሼ፦ አይ አንቺ! እግዜር ልቦና ሲያድል መርፌ ፍለጋ ሄደሽ ነበር መሰለኝ። ግራጫውን ሱሪማ ጠዋት ለግቢው ዘበኛ ሰጠሁት።

ሰፊዋ፦ ግራጫውን? እሱንም እኮ ሰፍቼው...

ወንድም ጋሼ፦ አዎ፣ እሱም ሰፍቶ ነበር።

ሰፊዋ፦ ዘበኛው እኮ የክብሪት እንጨት ነው! ምን ሊያደርገው?

ወንድም ጋሼ፦ ብርድ ልብስ ያድርገው። ለኔ አያስፈልገኝም። ክኒኑም እንዲሁ፤ ሱሪዬ ከሰፋ ወዲህ አልዋጥኩትም።

[ክሩ ከሰፊዋ እጅ ይወድቃል።]

ሰፊዋ፦ የግፊቱን ክኒን ተውከው?

ወንድም ጋሼ፦ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ከመርፌ ቁልፎችሽ ጋር።

ሰፊዋ፦ ነርሷ «ሳትጠይቀኝ እንዳታቋርጥ» አላለችህም?

ወንድም ጋሼ፦ ነርሷ ሱሪዬን አላየችም።

ሰፊዋ፦ ወንድም ጋሼ፣ በናታችን ቁጭ በል፤ አንድ ነገር ልንገርህ።

ወንድም ጋሼ፦ መቀመጥ ነው ሰውን የጨረሰው!

ሰፊዋ፦ እንግዲያው ቆመህ ስማኝ። ሱሪውን እኔ ነኝ...

ወንድም ጋሼ፦ አጠብሽው። አውቃለሁ። ልብስ ሲታጠብ ይጠባል እንጂ አይሰፋም!

ሰፊዋ፦ አይደለም! እኔ ነኝ የሰፋሁት! እኔ ነኝ!

ወንድም ጋሼ፦ [ወገቧን በሐዘኔታ እያየ] አንቺማ ሰፍተሻል። ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው እንጂ እኔም አይቻለሁ። ለዚህ ነው ስፖርት ሥሪ የምልሽ። እስኪ እይኝ፣ ይሄ ለሆድ ነው፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳት።

ሰፊዋ፦ ኧረ ቁጢጥ አትበል! ሳልጨርሰው ነው ከወንበሩ ላይ ያነሳኸው! ክር አልቆብኝ በላላ ስፌት ነው የያዝኩት!

ወንድም ጋሼ፦ ሐሳቤ ጉልበቴ ላይ ነው፣ አትረብሺኝ!

[ቁጢጥ ይላል። «ጨርርር!» የሚል ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል። እንደተቀመጠ ይደርቃል።]

ወንድም ጋሼ፦ ምን ነበር?

ሰፊዋ፦ ሱሪው።

ወንድም ጋሼ፦ ምን ሆነ?

ሰፊዋ፦ ሰፋ።

ወንድም ጋሼ፦ [እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ይዳብሳል፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ወደ ፊት ስቦ ያያል] ይሄ ምንድን ነው? ሱሪዬ ጥቁር ነው፤ ይሄ አበባ አለው!

ሰፊዋ፦ የድሮው መጋረጃችን ነው። ኮትህ ይሸፍነዋል ብዬ በኋላ በኩል ጨመርኩበት።

ወንድም ጋሼ፦ ጨመርሽበት?

ሰፊዋ፦ ሰፋሁታ! እሱን አይደል ስነግርህ የቆየሁት? ስትቆልፈው ፊትህ ሲቀላ ሳይ አንጀቴ አልቻለም። ብነግርህ ደግሞ ታፍራለህ ብዬ ዝም አልኩ።

ወንድም ጋሼ፦ ግራጫውስ?

ሰፊዋ፦ እሱ ደግሞ ከኋላው የትራስ ልብስ ነው።

ወንድም ጋሼ፦ እና... አልከሳሁም?

ሰፊዋ፦ ሜትሩን ላምጣው?

ወንድም ጋሼ፦ ተይው! ያ ሁሉ ለውዝስ?

ሰፊዋ፦ ለውዙ መጋረጃው ውስጥ ገብቷል።

ወንድም ጋሼ፦ ታዲያ ክኒኑን የተውኩት...

ሰፊዋ፦ መጋረጃ አምነህ።

ወንድም ጋሼ፦ [ግንባሩን በመዳፉ እየጠረገ] ላቤ መጣ።

ሰፊዋ፦ ይሄ የስፖርት አይደለም። ተነስ፣ ነርሷ ሳትወጣ ድረስባት። ክኒኑን ማቋረጥህን ንገራት፤ እሷ የምትልህን አድርግ። እኔ ያንተን ሱሪ እንጂ ያንተን ደም መስፋት አልችልም።

ወንድም ጋሼ፦ [ቀስ ብሎ፣ ኋላውን በሁለት እጁ ይዞ ይነሳል] እሄዳለሁ፣ እህትዬ። ሁሉንም እነግራታለሁ። ከሽንኩርቱ በቀር።

ሰፊዋ፦ እሱን አፍንጫዋ ይነግራታል።

ወንድም ጋሼ፦ በይ ቶሎ ስፊልኝ!

ሰፊዋ፦ በነጭ ክር?

ወንድም ጋሼ፦ ነጭ በጥቁር ላይ? መንገደኛው ሁሉ ስፌቴን ሲያነብ ሊውል? በጥቁር ነዋ!

[ሰፊዋ ባዶውን የክር ማጠንጠኛ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች።]

ወንድም ጋሼ፦ [ማጠንጠኛውን፣ ቀጥሎ ጎመን የተጠቀለለውን ጉልበቷን ያያል] ሱቁ... ከበሩ ማዶ ነው አልሽኝ?

ሰፊዋ፦ ከበሩ ማዶ።

ወንድም ጋሼ፦ በቃ፣ ሮጬ ላምጣው!

[እየሮጠ በሩን ይከፍታል። ነፋሱ ከፊት ገብቶ በኋላ ይወጣል። መጋረጃው ይውለበለባል። ወንድም ጋሼ በሩን መልሶ ዘግቶ በጀርባው ይደገፈዋል።]

ወንድም ጋሼ፦ በምን ሱሪ ልሂድ?

ሰፊዋ፦ [የወደቀውን ክር አንስታ መቋጠሯን ትቀጥላለች] ከዘበኛው ተዋስ። ሰፍቶታል።