ጋሽ ድሮ እና አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች

«ድሮ ቀረ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር በምድር ላይ የለም። ፀጉር ቤት ብትገቡ፣ ክሊኒክ ወረፋ ብትይዙ፣ ለቅሶ ቤት ብትቀመጡ እንኳ አንድ አይጠፋም። ድሮ ዝናብ በቀጠሮ ይመጣ ነበር፣ ድሮ ቲማቲም ቲማቲም ይሸት ነበር፣ ድሮ ሰው ሰውን ያከብር ነበር ይላችኋል። እስቲ ማስረጃ አምጣ ብትሉት ግን የለውም፤ ያለው ትዝታና ከፍ ያለ ድምፅ ብቻ ነው።

የእኛው ሰውዬ ግን ማስረጃ ነበራቸው። ሠላሳ ሰባት ደብተር ሙሉ።

ክቡርነታቸው የእናቴ ወንድም ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ድሮ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ቅር ብሏቸውም አያውቅም። ጡረታ እስኪወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። ከወጡ በኋላም ማስተማሩን አልተዉም፤ የቀረው ደወሉ ብቻ ነው።

ገና ወጣት ሳሉ ነው አሉ፣ ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ ከግርጌው እስከ ጫፉ ወጥተው አሥራ ሁለት ቦታ መረጡ። በየቦታው አራት አራት የብረት ካስማ ቸከሉና ቢጫ ቀቧቸው። በአራቱ ካስማ መሃል ያለው መሬት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው። ስሙም «ሳጥን» ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በዚያችው አንዲት ሳምንት፣ በካስማዎቹ ዙሪያ ሲባጎ ይወጥሩና ተንበርክከው፣ ውስጡ የበቀለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ሣሩንም፣ እሬቱንም፣ ቁጥቋጦውንም። መንገደኛ አይቷቸው «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«እስካሁን ምንም። ሲጠፋ ግን ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።»

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አንድ ቀን አፉ አምልጦት «ዘንድሮ ሙቀቱ ጉድ ነው እኮ!» አለ። ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆኖ ተናገረ እንጂ ክርክር ፈልጎ አልነበረም።

«ከመቼ ጋር አወዳድረህ?» አሉ ጋሽ ድሮ በበሩ ሲያልፉ።

«እንዴ! ከአምናው ነዋ።»

«አምና ስንት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ?»

«ቁጥር የሌለው ወሬ ሐሜት ነው» አሉና ቤታቸው ሄደው ሦስት ደብተር ታቅፈው ተመለሱ። ልብስ ሰፊው የዚያን ቀን አንድ ሱሪ ሳያሳጥር መሸ። ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ደንበኛም አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ እሬት ከሳጥን ሁለት ወደ ሳጥን አምስት እንዴት እንደወጣች ሲማር ዋለ።

ከእሳቸው ጋር አልበም ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። እናቴ በልጅነቷ ከተራራው ሥር፣ አጥር ተደግፋ የተነሳችው አንድ ፎቶ አለ። እሷ እንደሌላው ሰው «ወይ ጊዜ! ያኔ እንዴት ቀጭን ነበርኩ» ትላለች። ወንድሟ አጉሊ መነጽራቸውን ያወጣሉ።

«ከትከሻሽ ኋላ ያለውን ዳገት እዪ! ራሰ በራ ነበር። አሁን እስከ ወገቡ ድረስ ቁጥቋጦ ለብሷል።»

«አንተ ሰው፣ እኔን እያየኸኝ ነው?»

«አንቺማ መሃል ገብተሽ ጋርደሽኛል እኮ።»

ጋሽ ድሮ የራሳቸውን ሠርግም እንዲሁ ነው ያደረጉት። የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች የቆረጡት ቀን ከቆጠራው ሳምንት ላይ ወደቀ። ሙሽራው አይሆንም አሉ። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አንደኛው ዱላውን አንስቶ ወጣ። ሠርጉ በሁለት ሳምንት ተገፋ። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ እስከ ዛሬ «እኔን ያገቡኝ አሥራ ሦስተኛ ሳጥን አድርገው ነው» ይላሉ። ጋሽ ድሮ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ እንጂ አያስተባብሉም።

እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ታሪክ ሠርቻለሁ። ከእሳቸው ጋር ወጥቼ፣ ቢራቢሮ ስከተል፣ ሳጥን አምስት ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመቱኝም። ብዕራቸውን አውጥተው ጻፉ። ኋላ ደብተሩን ገልጬ አየሁት፦ «ሳጥን አምስት። ሁለት የሣር ግንድ በእህቴ ልጅ ቀኝ ጫማ ተረግጧል። ልጅቱ ደህና ናት።» ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ሄጄ ስሜ ሳይንስ ውስጥ አለ ብዬ ስንቱን እንዳስቀናሁ!

ያን ጊዜ ከቆጠራ ስንመለስ በረንዳቸው ላይ እንቀመጥ ነበር። ጫማችንን አውልቀን፣ እሾህ ከካልሲያችን እየነቀልን። ሰውዬው ሲደክማቸው ቁጣቸው ይለቃቸውና አወራራቸው ይጣፍጣል። የዚያን በረንዳ ወሬ አሁንም በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ይናፍቀኛል ብል ያንስብኛል።

«ተክል አይሄድም ያለሽ ማነው?» ይሉኛል። «ይሄዳል። እግሩ ዘሩ ነው። ከታች ሲሞቀው ልጆቹን ወደ ላይ ይልካል። እሱ እዚያው ደርቆ ይቀራል፣ ልጆቹ ቀዝቀዝ ያለው ጋ ይበቅላሉ።»

«ሁሉም ይወጣሉ ጋሼ?»

«ጣጣው እሱ ነው። ሰፈሩ አብሮ አይነሳም። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይጎተታል፣ አንዱ ወይ ፍንክች ይላል። መቶ ዓመት ጎን ለጎን የኖሩ ጎረቤታሞች ይለያያሉ። አበባው በአሥራ ሁለት ቀን ቀድሞ ይፈነዳል፣ ንቡ ግን በድሮው ቀጠሮ ይመጣል። ይተላለፋሉ።»

«ከላይ ያሉትስ? ከጫፉ ወዴት ይወጣሉ?»

ይህን ስጠይቃቸው ጎንበስ ብለው እሾኻቸውን መንቀል ይቀጥላሉ።

ያን ጊዜ ስለ ሣር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን የእኛው መንገድ ራሱ እንደዚያ ሆነ። ልብስ ሰፊው ልጁ ጋ ሄደ። የሰፈሩ ፎቶ ቤት ተዘጋ። አብረውኝ ገመድ የዘለሉት አንዷ ሩቅ አገር፣ አንዷ የከተማው ሌላ ጫፍ ገቡ። በየበሩ የማላውቀው ሰው ወጥቶ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ይለኝ ጀመር። ተወልጄ ባደግሁበት!

ጫፉ ላይ፣ ሳጥን አሥራ ሁለት ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ተክል አለች። ቅጠሏ አመድማ፣ አበባዋ ነጭ፣ ቁመቷ ከጣት አይበልጥም። የሳይንስ ስሟ ረጅም ነው፤ ጋሽ ድሮ ግን «እሜቴ» ይሏታል፤ ከጫፉ አንድ ክንድ እንኳ ዝቅ ብላ አታውቅምና። የመጀመሪያው ደብተር ላይ ስልሳ አንድ ናት። አሥረኛው ላይ አርባ ሦስት። ሃያ አምስተኛው ላይ አሥራ ስምንት። አምና አራት ነበረች።

ዘንድሮ ቆጠራው አሥር ቀን ሲቀረው ሐኪሙ የጋሽ ድሮን ጉልበት አገላብጦ አየና «ከእንግዲህ ዳገት የሚባል ነገር አይታሰብም» አለ።

«ዳገት አይደለም፣ አሥራ ሁለት ሳጥን ነው» አሉት።

ሐኪሙ ግን ሳጥንም ቢሆን አልፈቀደም። በአራተኛው ቀን እትዬ ደወሉልኝ። «እባክሽ ነይልኝ፤ ሰውዬው እህልም አልቀመሱ፣ ግድግዳ ላይ እንዳፈጠጡ ናቸው» አሉኝ። ሄድኩ። ደብተሮቹ አልጋው ላይ ተደርድረዋል። ሠላሳ ስምንተኛው አዲስ ነው፤ መስመሩ ተሰምሮ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

«አንድ ዓመት ከጎደለ፣ ያቺ ዓመት ለዘላለም አትገኝም» አሉኝ። «አራት ነበሩ። አራት እንደሆኑ ይኑሩ ይለቁ ሳላውቅ ልሙት?»

«እኔ እወጣለሁ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በተለይ ቀኝ ጫማዬን አዩና «ሌላ ሰው የለም?» አሉ።

ሌላ ሰው አልነበረም። በቆጠራው ቀን ማለዳ እሳቸው ከተራራው ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተሰየሙ፣ እኔ ሲባጎና ደብተር ይዤ ወጣሁ። በስልክ ይመሩኛል። መመራት ስል፣ ሰላም አልሰጡኝም ማለቴ ነው።

«ሳጥን አንድ ደረስሽ? ተንበርክከሻል?»

«ተንበርክኬያለሁ።»

«ድምፅሽ የቆመ ሰው ድምፅ ነው።»

ተንበረከክሁ። እውነትም ቆሜ ነበር።

«ከማን ትጀምሪያለሽ?»

«ከሣሩ።»

«ከሰሜን ጥግ! ሣሩማ የትም አለ።» እንዲህ እያልን ስድስት ሰዓት ፈጀን። ወገቤ ተቆረጠ፣ አፍንጫዬ በፀሐይ ተላጠ። በየሳጥኑ ቁጥር በጠራሁ ቁጥር ከታች «እህ» ይላሉ፤ ደስ ያላቸው ይሁን ያዘኑ አይታወቅም። ድሮ ሳጥን ሦስት ላይ የነበረው እሾኻም ቁጥቋጦ ዘጠኝን አልፎ አሥር ገብቷል። አሥራ አንድም ገብቷል። ይህን ስነግራቸው «እህ» ማለቱንም ተዉት።

ሳጥን አሥራ ሁለት ደረስኩ። ሲባጎውን ወጠርኩ። ተንበረከክሁ። ፈለግሁ። በጣቴ ሣሩን ገለጥ ገለጥ እያደረግሁ ፈለግሁ።

«ስንት?» አሉ።

ሣሩን እንደገና ገለጥኩ።

«ስንት ነው የምልሽ!»

«ሁለት» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ድምፃቸውን ስሰማ አፌ ራሱ አለ።

«ቅጠሏ ወዴት ዞሯል?» አሉኝ።

«ወደ... ወደ ፀሐይ።»

«እሜቴ ከፀሐይ ፊቷን ታዞራለች እንጂ ወደ ፀሐይ አትዞርም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ፣ አጎትሽን ስለወደድሽ ቁጥር አይጨምርም። እንደገና ቁጠሪ።»

እንባዬ መጣ። «የለችም ጋሼ። አንድም የለችም። በእሷ ቦታ ቁጥቋጦው ነው ያለው።»

«ስንት ግንድ?»

«ሰባት።»

«ሰባት ብለሽ ጻፊ። ለእሷ ዜሮ ጻፊ። መስመሩን ባዶ እንዳትተዪው። ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት ግን ሰው ሄዶ አይቷል ማለት ነው።»

ጻፍኩ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለጻፍኳት ዜሮዋ ዕንቁላል መሰለች።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«እንግዲያስ ደብተሩን ዝጊና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። አሁን አጠገብሽ ካለው ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ዙሪ። ፀሐይ በማይደርስበት በኩል አንድ ስንጥቅ አለ። ጎንበስ ብለሽ እዪ።»

ዞርኩ። ስንጥቁ ጉልበቴ ቁመት ላይ ነው፤ እጄን ሳስገባ ቀዝቃዛ አየር ነካኝ። ውስጡ አንዲት አመድማ ተክል ተወሽቃለች።

«አለች!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ፣ አለች! ልጻፋት?»

«ደብተሩን እንዳትነኪ! ከሳጥን ውጭ ናት፣ አትቆጠርም።»

«ታዲያ ለምንድነው ያስዞሩኝ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቆጠራዬን ስጨርስ ወደ እሷ ጎራ እል ነበር» አሉ። «ለሥራ አይደለም። ለማየት ያህል። እንዴት ናት?»

«ሁለት አበባ አላት፣ አንድ ደግሞ ያልፈነዳ፣ ቅጠሏ ወደ አሥራ አምስት...»

«ኧረ ቁጥር ማን ጠየቀሽ! እንዴት ናት ነው የምልሽ።»

ይህን ሰው በሕይወቴ ሙሉ ሳውቃቸው ቁጥር አልፈልግም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ በቁጥር አስደግፊው ይሉኛል ብዬ ተውኩት።

«ደህና ናት ጋሼ» አልኩ። «ትንሽ ከሳ ብላለች፤ ግን ደህና ናት።»

«እሰይ» አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁት። «እሰይ። በይ ሰላም በያትና ውረጂ፣ ፀሐዩ ከዚህ በላይ ሳይበረታብሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ ጋዜጣ ላይ በብዕሬ ስንቱን ሰው ስቦጭቅ የኖርኩ ሴት፣ ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ወደ ስንጥቁ ጠጋ አልኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጋሼ ሰላም ብለውሻል» አልኳት። «ጉልበታቸውን አሟቸው ነው፤ ቢችሉ ኖሮ አይቀሩብሽም ነበር።»