ሰማኸኝ ወይራ የወቀጠበት ሁዳዴ

ባሌ የወይራ ፍሬ ወቅጦ የነፍስ አባታችንን ጾም ሊያስገድፋቸው ሲል ለጥቂት ተረፉ። የሆነው ይኸው ነው። እሱ ግን ታሪኩ እንደ ነገሥታት ዜና መዋዕል በወግ ይጻፍ ብሏል፤ በወግ ይኸውና።

በዘመነ ማርቆስ፣ በሁዳዴ በአራተኛው ሳምንት፣ ቱሪስት ከላሊበላ ከራቀ በአምስተኛው ዓመት፣ ኀያል ወመዋዒ ሰማኸኝ፣ ሥዩመ ሳሎን፣ ፀሐየ ሶፋ፣ አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን በሦስት ቋንቋ የሚያስጎበኝ፣ የራሱን ወጥ ቤት ግን በሃያ ዓመት ትዳር አንዴም ያልጎበኘ፣ ከሶፋው ተነሣ። በዚያ ሰሞን እንደ ተአምር ብቅ ያለች አንዲት ፈረንሳዊት እንግዳ አንድ ጠርሙስ የወይራ ፍሬ ትታለት ሄዳ ነበር። የኛ ወይራ ለጭስ ነው፤ የነሱ ተወቅጦ ዳቦ ላይ ይቀባል። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን ደግሞ የዚያን ቀን፣ ከጠዋት ውኃ ባፋቸው ሳይዞር ውለው፣ በዘጠኝ ሰዓት እኛ ቤት ሊቀምሱ ነው።

አዋጅም አስነገረ፦ «የሰማሽ ላልሰማሽ አሰሚ! ዛሬ አባን የማበላ እኔ ነኝ! ወጥ ቤት ዝር የምትል ሴት እንዳላይ! ጨው አነሰ፣ ዘይት በዛ የምትልም እንዳልሰማ!» ሰሚዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልብስ ላጥብ ወጣሁ።

ወእምዝ ሠራዊቱን አሰለፈ፤ በቀኝ ሁለት ሎሚ፣ በግራ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ በመካከል የኑግ ዘይት በስኒ፣ በደጀን ድመቷ፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበርም ጓደኛው ሰውአገኝ፣ እሱም ሥራ የፈታ አስጎብኚ፣ በሊጋባ ማዕረግ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ቆመ። ስልሳ ሁለት ፍሬ አንድ ባንድ ማርከው ዘራቸውን አወጡ። የጾሙ ሙቀጫ ጠበባቸው። ሰማኸኝም ወደ ቆጡ ዘመተ፤ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ትልቅ ሙቀጫ አገኘ፤ «ይቺ ሴት ደኅናውን ለማን ነው የደበቀችው!» ብሎ አወረደው። የዘነዘናው ድምፅ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ ተሰማ ይላል ሰውአገኝ።

በዘጠኝ ሰዓት አባ መጡ። ባረኩ፤ ዳቦ ቆረሱ፤ ቀቡ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥ ቤት ስገባ ሙቀጫውን አየሁት። ክው አልኩ። የፍስኩ ነው። ለቅበላ ቋንጣ ወቅጬበት፣ ቅቤው እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ፣ እስከ ፋሲካ ማንም እንዳይነካው የሰቀልኩት።

ያን ጊዜ ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፤ የኔ። «አባ! ይተዉት! እንዳይቀምሱት! የፍስክ ሙቀጫ ነው!»

አባ እጃቸው ካፋቸው ደጅ ቀረ። ዳቦውን አስቀመጡና አወጁ፦ «ሰማኸኝ ልጄ፣ ሰይጣን አርባ ዓመት ለፍቶ ያላስገደፈኝን አንተ በግማሽ ቀን?»

ሰማኸኝም በበኩሉ «ጠርጌዋለሁ እኮ!» ሲል አወጀ። በምን? በነጠላዬ።

ለጎረቤታችን ለሸዕባን እንዳንሰጠው፣ ቋንጣው የክርስቲያን ነው። ለድመቷ ሰጠናት። አሽታው ሄደች።

እነሆ ሰማኸኝ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ድመቷም የማይቀምሱትን ባንድ ሙቀጫ ያዋሐደ፤ ከሱ በፊት እንዲህ ያለ አልተነሣም፣ ከሱ በኋላም አይነሣ፤ ዝናው ከአሸተን ማርያም ራስ እስከ ተከዜ ወንዝ ይድረስ፣ ስሙ በወጥ ቤቶች ሁሉ በፍርሃት ይጠራ፣ ለዓለመ ዓለም አሜን።

አባ ርቧቸዋል። ሽሮ ጣድኩ።