ለሽማግሌ የሚሆን ካያክ

(ካዛንቺስ፣ የሽርሽር ዕቃ ማከራያ ሱቅ። ውጭ ዝናብ ነው። ባለሱቁ ኤልዳድ ሐይቅ ካየበት ቀን ይልቅ ስለ ሐይቅ ያወራበት ይበልጣል። ካያክ የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች፣ አንድ አጭር አንድ ረጅም፣ ግድግዳ ተደግፈዋል። የቂርቆሱ አባዲ ዓይኑን ከረጅሙ ላይ አልነቀለም፤ ልቡ ግን እዚህ የለም።)

ኤልዳድ፦ ረጅሙ አይሆንህም አልኩህ፣ በቃ።

አባዲ፦ ረጅሙን አከራየኝ።

ኤልዳድ፦ ስማ፣ ረጅሙ ለሰፊ ሐይቅ ነው፤ ይፈጥናል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አጭሩ ለጀማሪ፣ ለጠባብ ውሃ፤ እንደፈለግክ ይታጠፍልሃል። ማለቴ፣ ባለሙያ መጀመሪያ ጉዳይህን ነው የሚጠይቀው።

አባዲ፦ ጉዳዬማ ነገ መርሃዊት ቤት ሽማግሌ ልልክ ነው። ደጃፏ ላይ መንገድ ይሠራል ብለው ቦይ ቆፍረው ትተውት፣ ክረምቱ ውሃ ሞላው። ሌላ የሚፈልጋት ሰውዬ ደግሞ ከቦዩ ማዶ፣ በእሷው በኩል ነው የሚኖረው፤ የእሱ ሽማግሌዎች በእግራቸው ይደርሳሉ። ነገ ካልቀደምኩ አበቃልኝ።

ኤልዳድ፦ አየህ? ቦይ ማለት ጠባብ ውሃ ነው። አጭሩን ውሰድ።

አባዲ፦ ስንት ሰው ይይዛል?

ኤልዳድ፦ አንድ። በየተራ ይሻገራሉ።

አባዲ፦ አንደኛው ሽማግሌዬ ጋሽ ነጋሳ ብቻቸውን ደጅ ላይ ሲቆሙ፣ ቆጣሪ አንባቢ መስለዋቸው ቢመልሷቸውስ?

ኤልዳድ፦ እሺ፣ ረጅሙ ሁለት ይይዛል። አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ።

አባዲ፦ ጋሽ አጥናፉ ለጋሽ ነጋሳ ጀርባቸውን ሊሰጡ? እነሱን የሚያስታርቅ ሌላ ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ደግሞስ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ይቀመጣል?

ኤልዳድ፦ ካያክ ላይ ከቆሙማ ይገለበጣል።

አባዲ፦ ስለዚህ ረጅሙን።

ኤልዳድ፦ (ለጣሪያው) ይሄን ሰው ምን ልበለው? እስቲ ክብደታቸውን ንገረኝ። ዋና ይችላሉ?

አባዲ፦ ጋሽ ነጋሳ ካፊያም ይፈራሉ።

ኤልዳድ፦ እንግዲህ ውሰደው፤ ለቀብር ግን እንዳትጠራኝ። መቅዘፊያውን እንካ።

አባዲ፦ መቅዘፊያው ይቅር።

ኤልዳድ፦ (እየሳቀ) በጸሎት ነው የሚሄደው?

አባዲ፦ የትም አይሄድም። ክብደት ጠየቅከኝ፣ ዋና ጠየቅከኝ፤ ቦዩ ምን ያህል ይሰፋል ብለህ ጠየቅከኝ?

ኤልዳድ፦ (ሳቁን አቁሞ) ምን ያህል ይሰፋል?

አባዲ፦ ከአጭሩ ይበልጣል፣ ከረጅሙ ያንሳል። ገልብጬ ከዳር እስከ ዳር አጋድመዋለሁ። ሽማግሌዎቼ በዕድሜያቸው ተራ፣ ቆመው፣ በክብር ይሻገራሉ።

ኤልዳድ፦ ድልድይ? ለድልድይማ ጣውላ አታጋድምም ነበር?

አባዲ፦ አጋድሜ ነበር። በነጋታው የአንዱ ሱቅ በር ሆኖ አገኘሁት። ይሄን ግን ማን በር ያደርገዋል?

(ካያኩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ኤልዳድ እስከ በሩ ተከተለው።)

ኤልዳድ፦ እና መቼ ትመልስልኛለህ?

አባዲ፦ መንገዱ ሲያልቅ።

(ኤልዳድ ተመልሶ አጭሩ ካያክ ላይ ዘፍ አለ።)

ኤልዳድ፦ እንግዲያ አከራየሁህ ሳይሆን አወረስኩህ በለኛ።