ተቀይሮ የወጣው ሰውዬ

የሰው ልጅ ዳኛን የሚያምነው እስኪፈርድበት ድረስ ብቻ ነው። ይህን የተማርኩት ፍርድ ቤት ቆሜ አይደለም፤ በምኖርባት ከተማ፣ አውሮራ ውስጥ፣ በቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ፣ ፊቴ ላይ የብረት ጭንብል አጥልቄ ነው። አዎ፣ የቤዝቦል ዳኛ ነበርኩ። ምን ያስቃል? በሥራ ቀን የኤርፖርት ሹፌር የሆነ ሰው ቅዳሜ ዳኛ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ የለም። ሕጉን አንብቤዋለሁ።

ባለቤቴ ዘውድነሽ የዳኝነት ትሬኒንጉን መጀመሬን ስትሰማ “ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ” ብላ ነበር። እውነት አላት። ግን አብረውኝ የሠለጠኑት እዚህ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጨዋታውን ከእናት ጡት ጋር ስለጠቡት የደንቡን መጽሐፍ ገልጠው አያዩትም። እኔ ምን ምርጫ አለኝ? ተሳፋሪ ስጠብቅ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ለዜግነት ፈተና እንዳጠናሁት አድርጌ ሸመደድኩት።

የዚያን ቀን የተጋጠሙት ሁለት የጎልማሶች ቡድኖች ናቸው፤ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ እንበላቸው። እኔም ያለ ሥጋት አልቆምኩም። ከሳምንት በፊት ሌሎች ቡድኖች “የዳኛው አነጋገር አልገባንም” ብለው ከስሰውኝ፣ ዳኞችን የሚመድበው ሰውዬ አንድ ክስ ከተደገመ ጨዋታ እንደማይሰጠኝ ነግሮኛል።

የቀዮቹ አሰልጣኝ ከርት ይባላል፤ አውሮራ ቆሞ ሲናገር ጎረቤት ከተማ እንግልውድ ድረስ የሚሰማ ሰው። ይዞ የመጣው አሥር ሰው ነው። ዘጠኙ ይጫወታሉ፣ አንዱ ይቀመጣል። አጋማሹ ላይ ጉልበቱን ያመመውን ግዙፍ ኳስ መቺውን አስወጥቶ ተቀማጩን ቀጭን ሰው አስገባ። መዘገብኩ። በዚህ ጨዋታም እንደ እግር ኳሱ ተቀይሮ የወጣ አይመለስም።

የመጨረሻው ዙር ላይ ሰማያዊዎቹ በአንድ ነጥብ እየመሩ የቀጭኑ የመምታት ተራ ደረሰ። እኔ የማልያውን ቁጥር አየሁና አለፍኩ። ማልያው ውስጥ ያለውን ሆድ ልብ አላልኩም፤ ጥፋቴን አልደብቅም። ኳሷ ተመታች፣ ማረፊያዎቹ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሁለት ሯጮች ገብተው ሁለት ነጥብ አስቆጠሩ፣ ቀዮቹ መሪ ሆኑ። መቺው ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ጉልበቱን ይዞ ሲያነክስ ነው የነቃሁት። ለካ ማልያ ተቀያይረዋል! ግዙፉ ነው።

የሰማያዊዎቹ አሰልጣኝ ነጥቦቹ ይሰረዙ እያለ እየበረረ መጣ። ከርት ደግሞ የተቀያየረው ማልያ ዓይኔ ሥር እያለ፣ “ማን እንደወጣ ረስቼ ነው” ይለኛል። ጭንብሌን አላወለቅኩም፤ ጥቅሙ ፊትን መደበቁ ነው። ግዙፉን አስወጣሁ። ከርትን፣ እያወቀ ያደረገው ነውና፣ አባረርኩ። ነጥቦቹ ግን ይጸድቃሉ አልኩ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

የሰማያዊዎቹ አሰልጣኝ ኮፍያውን መሬት ላይ ጥሎ ዕውር መሆኔን ለሕዝብ አስታወቀ። ከርት እየሳቀ ወደ በሩ ሄደ። አንድ አሰልጣኝ ከፍሎ ሁለት ነጥብ ማን ይጠላል? ሲወጣም ቀጭኑን በግዙፉ ቦታ እንዲቆም አዘዘው።

“እሱም አይገባም” አልኩት።

“ለምን?”

“ጥፋቱ የተገኘው ኳስ ከተመታ በኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን የተካውም የተተካውም፣ ሁለቱም እንደወጡ ይቆጠራል።”

“ታዲያ ማን ይግባ?”

“እሱን አንተ ታውቃለህ።”

ከርት ቆመና ሰዎቹን በዓይኑ ቆጠረ። ስምንት። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ስምንት። ዘጠኝ ሰው ማቅረብ ያልቻለ ቡድን ደግሞ ተሸናፊ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ አይደል?

አላመነኝም። ዳኛ መዳቢው ዘንድ ደውሎ፣ ሁላችን እንድንሰማ ስልኩን ስፒከር አደረገው። ሰውዬው ነገሩን አዳመጠ፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ይሰማል። ገጹ ብዙ ነው፣ ጊዜውም ረዘመ። በመጨረሻ “ዳኛው ልክ ነው” አለ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ እንግሊዝኛ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ከደቂቃዎች በፊት ዕውር ያለኝ አሰልጣኝ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ልታየኝ የመጣችው ዘውድነሽ ከተመልካች ወንበሯ ተነስታ እልል አለች። ስለ ቤዝቦል አንዳች አታውቅም፤ ማን እንዳሸነፈ ግን ገብቷታል።

ሰኞ ዕለት መዳቢው ደወለ። ለአዲሶቹ ዳኞች ደንቡን እንዳስተምር ለመነኝ፤ ለሠልጣኞቹ እንዲነግራቸውም፣ ተጫዋች ሳለሁ ሜዳው ላይ ቦታዬ የት እንደነበር ጠየቀኝ።

“ሁልጊዜ ከመቺው ኋላ ነበርኩ” አልኩት።

አልዋሸሁም፤ ኳስ ተቀባዩም ዳኛውም የሚቆሙት እዚያው ነው። የመምቻዋን ዱላ ግን እስከ ዛሬ ጨብጫት አላውቅም።