አማቴና የታዘለው ክራር

በአውሮፕላን ልትሄዱ መሆኑን ለጎረቤት ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? እንዳትሞክሩት። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን ፓይለት ይሆናል።

እኛ የምንኖረው ቡራዩ ነው። ታናሽ እህቴ አርባ ምንጭ ልታገባ ሆነና የመኪናው መንገድ ለልጆች ይከብዳል ብላ የአውሮፕላን ትኬት ላከችልን። ለእኔ፣ ለልጄ ለሃዊ፣ ለትንሹ ለናቲ፣ እንዲሁም ልጆቹ በአባታቸው ቋንቋ በኦሮምኛ ‹አኮ› ለሚሏቸው ለአማቴ። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አላገኘም ተብሎ ቀረ። ፈቃድ ለማግኘት ሲሟገት ያየው ሰው ግን የለም።

ጣጣው ያለው ትኬቱ ላይ አልነበረም። ክራሩ ላይ ነው። ሃዊ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክራር ግን ትጫወታለች። እህቴ በስልክ ሰምታት ስለነበር፣ ‹ወደ ድንኳኑ ስገባ የምትጫወትልኝ ሃዊ ናት› ብላ ቃል አስገባቻት። ልጅ ደግሞ ቃል ከገባች አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ሲቀርብ ክራር፣ ልብስ ሳጥብ ክራር፣ የቤት ሥራ ሲባል ደግሞ ይበልጡን ክራር ሆነ።

እና ታዲያ ክራር በአውሮፕላን ይገባል?

ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጎረቤት አሉን። በሕይወታቸው አንዴ ከጎንደር በአውሮፕላን ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ በረራ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ‹አይታሰብም!› አሉ። አውታሩ ሽቦ ነው፣ በሽቦ ደግሞ ፓይለት ይታነቃል። ፓይለቱን የምታንቀው የዘጠኝ ዓመቷ ሃዊ መሆኗ ነው እንግዲህ። እትዬ አስካለ በበኩላቸው ችግሩ ሽቦው ሳይሆን ቆዳው ነው አሉ። ቆዳ ያለበት ነገር የእንስሳት ሐኪም ወረቀት ይጠየቅበታል። ‹ታዲያ የጫማዬስ ቆዳ?› ብላቸው፣ ‹እሱማ በእግሩ ነው የሚገባው› ብለው ዘጉኝ።

ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር፣ ክራሩ ከሻንጣ ጋር ጭነት ክፍል መግባት አለበት የሚለው ነው። ሃዊ ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እውነቷን ነው። የመጀመሪያ ክራሯን የቀበርነው በጭነት ምክንያት ነው። ከሱሉልታ ከአኮ ቤት ስንመለስ ረዳቱ ‹ከላይ ይሁን፣ ምንም አይሆንም› ብሎ ታክሲው ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ጫንጮ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ደግሞ የድንች ጆንያውን እላዩ ላይ አሳረፈበት። ቡራዩ ስንደርስ የወረደልን የምድጃ እንጨት ነበር። ረዳቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ድንቹ ግን ደህና ነው።›

የአሁኑን የሠሩላት ሰበታ ያሉ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ክንዷን በገመድ ለክተው፣ ትንሽዬ ገበቴ ፈልገው፣ የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ለእሷ ብቻ የሚሆን ክራር ሠሩላት። ሃዊ ታዲያ ቁርጡን ነገረችን። ክራሯ ከእሷ ጋር ካልተቀመጠ አትሄድም። ካልሄደች ደግሞ እህቴን ምን ልላት ነው?

‹ለምን ደውላችሁ አትጠይቁም ነበር?› ትሉኝ ይሆናል። ትቀልዳላችሁ? እኛ አገር ሰው የሚጠይቀው እንዲከለከል ነው። ከጠየቅህ ‹አይቻልም› ትባላለህ፤ ካልጠየቅህ ግን ‹አላወቅንም› ትላለህ። እኛም ባለማወቅ ለመሄድ ተስማማን።

አማቴ ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የጉዞው ጠዋት ሻንጣ ቆልፈን ስንወጣ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጀርባቸው ላይ ልጅ አዝለዋል።

 የማን ልጅ ነው?

ጠጋ ብዬ ባይ ክራሩ ነው! ጋቢ ጠቅልለውት፣ በአንቀልባ ጥፍንግ አድርገውታል። ገበቴው ወደ ላይ ስለተደረገ ቁርጥ የሕፃን ጭንቅላት መስሏል። ሁለቱ ቋሚዎች ደግሞ ወደ ታች እግር ሆነዋል። ‹እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?› አልኳቸው። እሳቸው እቴ! ‹ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሻንጣ ይፈተሻል። የተኛ ልጅ ግልጥልጥ የሚያደርግ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?› አሉኝ።

አይቼ አላውቅም። እናንተስ? ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ተሸፍኖ ካያችሁ ‹ይደግ› ብላችሁ ታልፋላችሁ እንጂ ጋቢ ትገልጣላችሁ? ንፋስ አለ። ዓይን አለ። አማቴ ይህን ያውቃሉ። እኔ ግን ‹ልጆች ፊት ውሸት!› ብዬ ልቆጣ አሰብኩ። ሃዊን ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ በርቷል። ሻንጣዬን አንስቼ ተከተልኳቸው።

ታክሲ ውስጥ ያየነው ክብር ደግሞ ለብቻው ነው። ረዳቱ አንዱን ጎልማሳ ከፊት ወንበር አስነስቶ ‹ለእናት ቦታ!› አለ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ስንት ወሩ ነው አለቻቸው። አማቴ ሳይደነግጡ፣ ‹ገና ክርስትና አልተነሳም› አሉ። መልስ ነው አይደል? ‹እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ እንኳን አይሰማም› አለች ሴትዮዋ። አፏን ሳትዘጋ ታክሲው ጉድጓድ ገባና ከጋቢው ውስጥ ‹ድንንን› የሚል ድምፅ ወጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ‹ሆዱን ነፍቶት ነው› አሉ አማቴ። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችና የጤና አዳም ውኃ እንዲሰጡት መከረቻቸው።

አየር ማረፊያው በር ላይ የነበረው ሰልፍ ረጅም ነው። ግን ሕፃን ያዘሉ አሮጊትን ማን ያሰልፋል? ‹ይለፉ እናቴ፣ ይለፉ!› እየተባለ እኛም በእሳቸው ጥላ ተከትለን ፊት ደረስን። በልቤ ‹አማቴ አንደኛ!› ማለት ጀምሬ ነበር። ትኬት የሚያየው ወጣት ወረቀታችንን ገለጠ። ቀና ብሎ እኛን አየ። እንደገና ገለጠ።

‹የሕፃኑ ትኬት የታለ?› አለ።

ምን? ሕፃንም ትኬት አለው እንዴ? አለው። የልደት ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል። ያለ ትኬት ሕፃን ማሳፈር ክልክል ነው አለ ወጣቱ በትሕትና። አያችሁ ጉዳችንን! ሰፈሩ በሙሉ ስለ ሽቦና ስለ ቆዳ ሲመክረን፣ ሕፃን ትኬት እንደሚጠየቅ የነገረን አንድም ሰው የለም። አማቴ ወደ እኔ ዞረው ‹ማል ጎኔ?› አሉኝ፣ ምን ይሻለናል ማለታቸው ነው።  ከኋላችን ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። የአውሮፕላኑ ሰዓት ደግሞ አይጠብቅም።

ይሄኔ ሃዊ ወደ ፊት ወጣች። ‹ሕፃን አይደለም። ክራሬ ነው› አለች።

ወጣቱ አልገባውም። ‹ክራር የሚባል ልጅ ነው?› አላት። አማቴ ሌላ መንገድ እንደሌለ ሲያዩ አንቀልባውን ፈቱ። አንዲት ተሳፋሪ ‹ኧረ ንፋስ እንዳይመታው!› ብላ ጮኸች። ጋቢው ሲገለጥ ገበቴው ብቅ አለ። ሰልፉ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀ። ወጣቱ ግን ለመሳቅም ፈራ መሰለኝ፣ አለቃውን ጠራ።

አለቃዋ ሬዲዮ የያዘች፣ ቆፍጣና ሴት ናት። ክራሩን አየች፤ አማቴን አየች። ‹ለምን ታዘለ?› አለች።

‹እግር የለውማ!› አሉ አማቴ።

ሴትዮዋ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ክራሩን በመፈተሻው ማሽን አሳለፈችው። ከዚያ ሃዊን የእጅ ቦርሳ ይዛ እንደሆነ ጠየቀቻት። አልያዘችም። ‹በቃ፣ ይኼ የእጅ ቦርሳሽ ነው። ትንሽ ስለሆነ ከላይ ይገባል። ግቢ የእኔ ልጅ።›

በቃ! አለቀ! ለዚህ ነው አማቴ በዚህ ዕድሜያቸው አራስ የሆኑት? ደስታዬን አልችል ብዬ ሴትዮዋን ልስማት ምንም አልቀረኝ። አማቴ ‹ገለቶሚ› ብለው መረቋት። እኔ ደግሞ ወንበር እንዳገኘን ልጆቼን ፊቴ አስቀምጬ ስብከት ጀመርኩ። አያችሁ? እውነት ተናግራችሁ የምታጡት ነገር የለም፤ ውሸት ግን ትኬት ያስጠይቃል። አማቴ ጋቢያቸውን እያጠፉ ‹ታክሲ ውስጥ ወንበር ያገኘሽው ግን በእውነት አልነበረም› አሉ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ክራሩን በጋቢው ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠችልን። ናቲ ደግሞ ኪሱ ውስጥ የቀርከሃ ዋሽንት ይዞ ኖሮ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ይነፋው ጀመር። ልነጥቀው ስል የፊት ወንበር ሰውዬ ተዪው አለኝ፤ ሲነፋ ጆሮው አይደፈንበትም አለ። እውነትም የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ ጆሮዬን ብሎ ሲያለቅስ የእኔ ልጅ ጉንጩን ነፍቶ እየሳቀ ነው። አንድ አባት ለልጁ ተራ እንዲሰጠው ለመነው። ዜማውን ግን አትጠይቁኝ።

አርባ ምንጭ በሰላም ደረስን። ክራሩም አንድ ጭረት የለበትም። ሁሉ ነገር አለቀ ብዬ ስተነፍስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ፈተና ተቀምጦ ጠበቀን። እህቴ ዲጄ ቀጥራለች። የበር ቁመት ያላቸው ስፒከሮች ተገትረዋል። ዲጄው የሃዊን ክራር አየና፣ ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም፣ ድምፁ አይሰማም ብሎ ከስፒከሩ ጀርባ አስቀመጣት። እህቴ ሙሽራ ናት፣ ማን ይንገራት? ሃዊ አላለቀሰችም። ክራሩን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች። ይኼ ከልቅሶ ይብሳል።  ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው?

ቀትር ላይ ሙሽራዋ ደረሰች። ዲጄው ጣቱን አነሳ፣ ስፒከሩ አንዴ ‹ዱም› አለና… መብራት ጠፋ!

እልል አልልም መሰላችሁ? በልቤ አልኩ። እህቴ አንድ እግሯን ድንኳኑ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጋ ቆማለች። አምስት መቶ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ዲጄው ሽቦ እየጎተተ ይሯሯጣል። ያኔ ከስፒከሩ ጀርባ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። ሃዊ ናት። ማንም አላዘዛትም። ሰው እንዲሰማት ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ አጨበጨበ፤ ቀጥሎ እልልታው ቀለጠ። እህቴ እያለቀሰች በጭፈራ ገባች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል? ልጄ ናት! ከዚያ በኋላ አንዱን ስትጨርስ ሌላ፣ ሌላውን ስትጨርስ ‹ድገሚው!› ነው።

በዚህ መሃል ድንኳኑ ውስጥ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ስፒከሩ ‹ዱም ዱም› ብሎ ክራሩን ዋጠው። መብራት በመምጣቱ ሕዝብ ሲያዝን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አማቴ ግን ሲያዝኑ አላየሁም። ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ስፒከሩ አጠገብ ደረሱ፣ ሶኬቱን ነቀሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ዲጄው ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር አላያቸውም። ዞር ብሎ ግራ በተጋባ ድምፅ ‹እንዴ፣ ደግሞ ጠፋ?› አለ።

አምፖሉ ልክ ከራሱ በላይ እየበራ፣ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ መለሰለት፤ ‹ጠፍቷል!›

ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።