ስለ ደማቀች ነጭ ደምና ስለ እየሩሳሌም ቅቤ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ መጋቢት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.
ቦታ፦ አማን ከተማ፣ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመረዳጃ ዕድሩ የጋራ ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ 8፡00፤ የተጀመረበት ሰዓት፦ 9፡25 (ሁሉም «ሰርቪስ አጣሁ» ብሏል፤ እዚሁ ክፍል የምታድረው ማርታም ጭምር)

የተገኙ፦
1. ወ/ሮ ዘሊኻ፣ ሊቀመንበር፣ አማን ከገቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው
2. አቶ ፍሬው፣ የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ፣ ዳቡቅ ሰፈር ባለ ቪላ ቤት አትክልተኛ
3. ማርታ፣ የጋራ ድስት ኃላፊ
4. ደማቀች፣ ባለጉዳይ
5. ብሥራት፣ ጸሐፊ

ያልተገኘች፦ ሸሪፋ። ማዳሟ ስለከለከለቻት በድምፅ መልእክት ተሳትፋለች።

ዕለቱ በአገሩ የእናቶች ቀን ሆኖ ማዳሞች ወደ እናቶቻቸው ስለሄዱ አባላት ሊወጡ ችለዋል። ደንቡ ስድስት ሰው ይጠይቃል። ክፍሉ ግን በኮሮናው ምክንያት ተራርቆ ለመቀመጥ ከአምስት ሰው በላይ ስለማይበቃ ሸሪፋ በስልክ ስድስተኛ ሆና እንድትቆጠር ተወሰነ። አቶ ፍሬው ስልኩም ማስክ ያድርግ ሲሉ ያቀረቡት ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ወድቋል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ተራ ቁጥር 1፦ የደማቀች ደም ስለ መንጣቱ

ደማቀች ባለፈው ወር በሆድ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር፣ የተቀዳው ደሟ ብልቃጥ ውስጥ ሲቀመጥ ወተት መስሎ ነርሶች እየተጠራሩ እንዳዩት ገለጸች። ሐኪሙ እንዳስረዳት፣ ደም ውስጥ የሚገባውን ስብ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ዘረ መል እሷ ዘንድ ሁለቱም ቅጂው የተበላሸ ነው፤ አንዱን ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ ወርሳለች። እነሱ አንድ አንድ ደህና ቅጂ ስላላቸው አልታመሙም። የእሷ ስብ ግን ሳይሰባበር ይከማቻል፣ ቆሽቷን ያቆስላል፣ ሲብስም ይገድላል። መፍትሔው ስብን ከሞላ ጎደል መተው ነው።

አቶ ፍሬው ይህን ሁሉ ከድሮም እንደሚያውቁት ተናግረው፣ ምክንያቱ የአሠሪዎቿ መንሰፍ፣ ያ በእርጎ የሚቀቀለው የበግ ሥጋ ነው አሉ። ደማቀች ማዳሟ ፍሪጁን በቁልፍ ስለምትዘጋ መንሰፉን በሽታው ብቻ እንደምታውቀው መለሰች። አቶ ፍሬው ሳይሸነፉ፣ ነገሩ ከሁለቱም ወገን ከመጣ እናትና አባቷ ሰባት ቤት ሳይቆጠር የተጋቡ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው አሉ። ደማቀች ዘመድ ያልሆኑ ሰዎችም እንዲህ ሊገጥማቸው እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል አለች። ተመዘገበ፤ የሰማት ግን የለም። ቆጠራው ተጀምሮ በአባቷ በኩል አራተኛው ቤት ላይ ስማቸው በቤተሰቡ የማይነሳ አንድ ሰው ስለተገኙ ተቋረጠ። ወ/ሮ ዘሊኻ ማዳማቸው የአጎቷን ልጅ አግብታ አምስት ልጆች መውለዷን፣ አምስቱም ከአመላቸው በቀር ደህና መሆናቸውን አስረዱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የደማቀች ወላጆች ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ባዕድ ተደርገው እንዲቆጠሩ ተወሰነ።

ተራ ቁጥር 2፦ ስለ ደማቀች ምግብ

ማርታ ይህ ጉዳይ ስብሰባ እንደማያስፈልገው ገለጸች። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የጾም ምግብ ሥጋም ቅቤም የለውም፤ ስለዚህ ደማቀች ሳታውቀው ድናለች። ጉባኤው አጨበጨበ። ደማቀች ዓመቱን ሙሉ እንድትጾም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ወ/ሮ ዘሊኻም የእኛም ረመዳን እየመጣ ስለሆነ ብቻዋን አትሆንም ሲሉ አጽናኑ።

ደማቀች ሽሮው ላይ ስንት ጭልፋ ዘይት እንደሚገባ ጠየቀች። ማርታ በጥያቄው ተቀየመች። ዘይት ከዛፍ እንጂ ከበሬ እንደማይመጣ አስታወሰች። ደማቀች ሐኪሙ ዘይትና ቅቤን በአንድ መዝገብ ነው የጻፋቸው አለች። ጸሐፊዋ ድስቱን እንድትመረምር ታዝዛ ጣቷን አስገባች። ሽሮው ዘይት ላይ እየዋኘ መሆኑን፣ እሷም ጣቷን ሦስት ጊዜ ጠርጋ እንዳልለቀቃት ሪፖርት አደረገች። ማርታ የድስቱን ክዳን ይዛ ወጣች፤ ክዳኑ የዕድሩ ንብረት ስለሆነ ተመለሰች።

በዚህ መሐል የሸሪፋ የድምፅ መልእክት ዘግይቶ ደረሰ። በተራ ቁጥር 1 ላይ ደማቀች መንሰፍ እንድትተው ድምፅ ሰጥታለች። ከዘይቱ ክርክር በኋላም ውሳኔው እንዳለ ጸንቷል፤ ምክንያቱም በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነገር ነው።

ተራ ቁጥር 3፦ ልዩ ልዩ

ደማቀች ሳይፈቀድላት ተነሥታ ቆመች። ለራሷ እንዳልመጣች፣ የመጣችው አገር ቤት ስላለችው ታናሽ እህቷ ስለ እየሩሳሌም መሆኑን ተናገረች። እየሩሳሌም ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንደ እሷ ሆዷን እየቆረጣት ነው። ሐኪሙ ከአራት አንድ ዕድል እሷም ታማሚ ልትሆን ትችላለች ብሏል። እናትየዋ ደግሞ ለሆድ ሕመም ፍቱን ነው ብለው በየማለዳው አንድ ሲኒ ቅቤ አንጥረው ያጠጧታል። ደማቀች ሦስት ጊዜ ደውላ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «አንቺ አረብ አገር ገብተሽ ቅቤ ጠላሽ» ተባለች። የዕድሩ ሰው እንዲናገርላት ለመነች።

አቶ ፍሬው ጉዳዩ በአጀንዳ አለመያዙን አሳሰቡ። ማርታ በዐቢይ ጾም ቅቤ መጠጣት ይገባል ወይ ስትል ጠየቀች፤ የታመመ ሕፃን ጾም እንደሌለበት ተነገራት። ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነገሩን አጥንቶ በሁለት ሳምንት እንዲያቀርብ ተወሰነ።

ደማቀች፣ ሁለት ሳምንት ማለት አሥራ አራት ሲኒ ነው አለች።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊዋ እያለቀሰች ስለነበር ጥቂት ደቂቃ በቃለ ጉባኤው አልተያዘም። ይቅርታ አትጠይቅም።

ወ/ሮ ዘሊኻ የደማቀችን ስልክ ተቀብለው ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። የዕድር ሊቀመንበር መሆናቸውን ሲናገሩ እናትየዋ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ተሰማ። ወ/ሮ ዘሊኻ እየሩሳሌም ቅቤም ዘይትም እንዳትቀምስ፣ ነገ ደሟ እንዲመረመር አዘዙ። እናትየዋ በዕድር ተወስኖ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ዘሊኻ በሙሉ ድምፅ ነው አሉ። እናትየዋም ዕድር አስቀይሜ ማን ይቀብረኛል ብለው ተስማሙ፤ የተነጠረውን ምን ላድርገው ሲሉም ጠየቁ። ፀጉርዎን ይቀቡት ተባሉ።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል እናትየዋ ቀስ ብለው፣ «ለሟቹ ወንድሟም ሆዱን ሲያመው ቅቤ ነበር የማጠጣው» አሉ። «እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

ወ/ሮ ዘሊኻ፣ «አይደሉም» አሉ። «እሱም ተወስኗል።»

«በሙሉ ድምፅ?»

«በሙሉ ድምፅ፣ እትዬ።»

ጥሪው እንዳበቃ አቶ ፍሬው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። ሊቀመንበሯ ሁለት ጊዜ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል ማለታቸውን፣ እንዲህ ያለ ውሳኔ ግን አለመኖሩን፣ ዕድሩም ለሐዘንተኛ ዋሽቶ እንደማያውቅ አስታወሱ። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ተናፈጡና፣ ስለዚህ አሁኑኑ ይወሰን አሉ።

የሰዓት እላፊው ሐዝር 1፡00 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ስብሰባው በ12፡40 ሲበተን፣ ያለ አንዳች ውይይት የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የዘር ቆጠራውም፣ የዓመት ጾሙም፣ ንዑስ ኮሚቴውም ተሽሯል። ለደማቀች ዘይት የማይነካው ድስት ይለይላታል። እየሩሳሌም ቅቤ አትጠጣም። እናቷ ጥፋት የለባቸውም። ይህ ውሳኔ ከስልክ ጥሪው በፊት፣ ከልጁም ሞት በፊት እንደተላለፈ ይቆጠራል።